ሃምሳ ሎሚ በአንድ ማዳበሪያ

ይድረስ፦ ለኢትዮጵያ ፖስታ
እንዲሁም፦ በስልክ ለምትሸጡ፣ በስልክ ለምትገዙና ዕቃ ለምታመላልሱ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ትናንሽ ዕቃዎች የመላኪያ ክፍያ እንዲቀንስ ስለ መጠየቅ



የምጽፍላችሁ ከቢቸና ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የወጣ መንገደኛ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን ትቶ ቀኙን ከያዘ፣ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላው ያገኘናል። ከእኛ ሲያልፍ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ሞጣ ይቀበሉታል፤ መንገዱ ባሕር ዳር ያደርሰዋል። አገራችን የጤፍ አገር ነው። ከጤፉ ሌላ ግን በየቤቱ የሚሠራ፣ እህል በረንዳ የማይወርድ ምርት አለን፤ ስፌት። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶውና አክርማው ይለቀማል፣ ይደርቃል፤ ከፊሉ ቀለም ገብቶ አለላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወስፌ ከሴቶቹ እጅ አይለይም። ሙዳዩ፣ ሰፌዱ፣ ሌማቱ፣ አገልግሉ፣ ለስኒ ማስቀመጫ የምትሆነው ትንሽ ክብ ስፌት ሳትቀር በዚህ መንገድ ይወለዳሉ።

እኔ የእናቴንና የጎረቤቶቿን ስፌት በቴሌግራም እሸጣለሁ። ፎቶ አንስቼ ዋጋውን ከሥሩ እጽፋለሁ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ፈሊጥ አልወደውም። ፎቶውን የሚያየው ብዙ ነው፤ «ቆንጆ ነው» የሚለውም ብዙ ነው። ዋጋውም ያስደስተዋል። «ማድረሻስ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅና ስመልስለት ግን ዝም ይላል። መልእክቱን ማንበቡ ይታየኛል፤ መልስ የለም። ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ዝምታ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ላስቀምጠው። ቁጥሩ እንደየወቅቱ ይለዋወጣል፣ ነገሩ ግን አይለወጥም። አንዲት ሙዳይ በ300 ብር ተሸጠች እንበል። ለካርቶንና ለፕላስተር 20 ብር፣ ከቢቸና ለሚነሳው መኪና ረዳት 100 ብር፣ አዲስ አበባ ላይ ከመናኸሪያ ተቀብሎ ገዢው ደጅ ለሚያደርስ ሞተረኛ 250 ብር ተከፈለ። ድምሩ 370 ብር ነው። ዕቃዋ 300፣ ጉዞዋ 370 ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ የአባይን በረሃ ወርዶ የወጣው 265 ኪሎ ሜትር 100 ብር ብቻ ሲወስድ፣ ከተማ ውስጥ ያለው አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር 250 ብር ወሰደ።

ስለዚህ ሁልጊዜ የምንሰማው ምክንያት፣ «ነዳጅ ተወደደ፣ አገሩም ሩቅ ነው» የሚለው፣ ግማሽ እውነት ነው። ነዳጅስ ተወድዷል። ነገር ግን ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ሙዳይ፣ ለማንኛውም አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና ላይ ስትጫን የምትጨምረው ነዳጅ በማንኪያ የሚሰፈር ነው። ገንዘቡን የሚበላው እጅ ነው። ዕቃው እጅ በለወጠ ቁጥር አንድ ሰው ይቀበላል፣ ስም ይጽፋል፣ ይደውላል፣ ይጠብቃል፣ «ደርሻለሁ፣ ውጪ» ይላል፣ «የቱ ጋ ነህ?» ይባላል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፣ መልስ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ድካም ለ300 ብሯ ሙዳይም ለ30 ሺህ ብሩ ስልክም እኩል ነው። ስልኩ ይሸከመዋል፤ ሙዳይዋ ግን ከሥሩ ትቀራለች።

ይህ ችግር ኢንተርኔት ያመጣብን አይደለም። አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው በወጣበት ዘመን፣ በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገዛው አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እያነሰ ይሄድ ነበር። ጎጃም ሲደርስ ውድ ነው፤ አባይን ሲሻገር ደግሞ የባሰ። ጨው ያው ጨው ነው፤ የሚወደደው ጭነቱ፣ የየኬላው ቀረጥና የሽፍታው ስጋት ነው። ሲራራ ነጋዴ ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ብቻውን አይነሳም ነበር። ጓደኛ ይጠብቃል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ነጋድራስ ይዞ በአንድነት ይጓዛል፤ ኬላውንም ጥበቃውንም በጋራ ይችላል። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ንግድ የሚገናኝበት የጎጃሙ የባሶ ገበያ የደራው እንዲህ ባለው ጉዞ ነበር። እኛ ግን በእጃችን ስልክ ይዘን እያንዳንዷን ሙዳይ ለብቻዋ መንገድ እናስጀምራታለን። አያቶቻችን በበቅሎ ዘመን ያልሠሩትን ስህተት እኛ በመኪና ዘመን እንሠራለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሥራ ለመካፈል እውነት ነው። ዕቃ ለመላክ ግን ተረቱ ይገለበጣል፤ ሃምሳው ሎሚ በሃምሳ ሰው እጅ ሲላክ ሃምሳ ኪራይ ያስከፍላል፣ በአንድ ማዳበሪያ ሲላክ የአንድ ማዳበሪያ ኪራይ ነው።

ያንኑ ሒሳብ መልሼ ልሥራው። በሳምንት ሃያ ትእዛዝ ተጠራቀመ እንበል። ሃያው ጥቅል በአንድ ማዳበሪያ ገብቶ ተሰፍቶ፣ በየጥቅሉ ላይ ስምና ስልክ ተጽፎበት ዓርብ ጠዋት ተጫነ። ለማዳበሪያው 400 ብር ቢከፈል ለአንዱ 20 ብር ይደርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ከመናኸሪያ ተቀብሎ አንድ የታወቀ ቦታ ለማድረስ 300 ብር ቢያወጣ ለአንዱ 15 ብር ነው። ለካርቶኑ ያው 20 ብር፣ ዕቃውን አስቀምጦ ለባለቤቱ ለሚሰጠው ባለሱቅ ደግሞ 20 ብር እንክፈል። ድምሩ ለአንድ ሙዳይ 75 ብር ሆነ። ከ370 ወደ 75 ስንወርድ የነዳጅ ዋጋ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም፤ መንገዱም አንድ ኪሎ ሜትር አላጠረም። የቀነሰው ዕቃው እጅ የለወጠበት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ቀድሞ በቁጥር ያሳየ እንግሊዛዊ አለ። ሮውላንድ ሂል በ1837 እ.ኤ.አ. ስለ ፖስታ ቤት መሻሻል አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያ ጊዜ የደብዳቤ ዋጋ የሚተመነው በርቀትና በወረቀቱ ቁጥር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ፖስተኛው በየበሩ ቆሞ ገንዘብ ይለምናል፤ ተቀባዩም «አልፈልግም» ካለ ደብዳቤው ያለ ክፍያ ይመለሳል። ሂል ሲያሰላው አንድ ደብዳቤ ከለንደን ኤደንብራ ለማጓጓዝ ብቻ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ሆኖ አገኘው። የቀረው ሁሉ መቀበያ፣ መመዝገቢያ፣ መሰብሰቢያና መተሳሰቢያ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ ርቀት ሳይለይ አንድ ዋጋ፣ ክፍያውም አስቀድሞ በቴምብር። በ1840 እ.ኤ.አ. ግማሽ አውንስ ማለትም 14 ግራም ገደማ የሚመዝን ደብዳቤ በአንድ ፔኒ አገሩን ሁሉ መዞር ጀመረ፤ የደብዳቤው ቁጥርም በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። እውነቱን ላለመደበቅ፣ የፖስታ ቤቱ ትርፍ ለብዙ ዓመታት ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ስለዚህ ነገ ጠዋት በአገር ሙሉ ዋጋ ቁረጡ አልልም። የምለው፣ ወጪው የት እንዳለ ሳይታወቅ ወጪ አይቀነስም ነው።

ከእንግሊዝ ይልቅ የእኛን ኑሮ የምትመስለው ህንድ ናት። እዚያ ገዢው ዕቃውን ሳያይ ገንዘቡን መላክ ይፈራል፣ ሻጩም ገንዘቡን ሳያይ ዕቃውን መላክ ይፈራል። የህንድ ፖስታ በ1877 እ.ኤ.አ. በመካከላቸው ገባ። ዕቃው ይላካል፤ ተቀባዩ ዋጋውን ለፖስታ ቤቱ ከፍሎ ይወስዳል፤ ፖስታ ቤቱም ገንዘቡን ለሻጩ ያስተላልፋል። መጽሐፍ፣ የአትክልት ዘር፣ የእጅ ሰዓት በዚህ መንገድ ገጠር ድረስ ተሸጠ። ዛሬ በየቴሌግራሙ «መጀመሪያ ክፈል»፣ «የለም፣ መጀመሪያ ላክ» እየተባባልን የምንከራከርበትን ነገር፣ ስልክ በማያውቅ ገጠር ፖስታ ቤት ፈትቶት ነበር።

እዚያው ህንድ፣ ሙምባይ ውስጥ፣ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቤቱ የተሠራ ምሳ በየቢሮው የሚያደርሱ ዳባዋላዎች አሉ። ምሳ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ውድ ማመላለሻ አይችልም። በእነሱ ዘንድ አንዱን ምሳ ዕቃ አንድ ሰው ብቻውን ከቤት ቢሮ አያደርሰውም። ከየሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ባቡር ጣቢያ ላይ በመድረሻው ይለያል፣ በጋራ ይጫናል፣ እንደገና ይለያል። ክዳኑ ላይ በቀለምና በፊደል የተጻፈው ምልክት ጣቢያውን፣ ሕንፃውንና ፎቁን ይናገራል፤ ተሸካሚው መደወል አያስፈልገውም። ይህን ሳነብ የእኛው አለላ ትዝ አለኝ። ለመገናኛ ቀይ፣ ለጀሞ አረንጓዴ፣ ለፒያሳ ወይን ጠጅ ክር በጥቅሉ ጫፍ ብንቋጥር፣ ማዳበሪያው በተፈታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዕቃው ተለይቶ ያልቃል። ቀለም መለየትን ለስፌት ሴት ማንም አያስተምራትም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወደ ኢትዮጵያ ፖስታ።

ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር መኪና አልነበረም። አገራችን ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ናት። ኅብረቱ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ልዩ ጉባኤውን ያካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማወደስ አይደለም። ሌላ ማንም የሌለው ነገር በእጃችሁ እንዳለ ለማስታወስ ነው፤ በየከተማው መስኮት፣ መዝገብ፣ ማኅተምና ተጠያቂነት አላችሁ። ሞተረኛው ፍጥነት አለው፣ ረዳቱ መንገድ አለው፤ እንደ እናንተ ደረሰኝ ያለው ግን የለም። በዚያ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ፖስተኛ ደጃችን ድረስ ይምጣ ብለን አድገን አናውቅም። ደብዳቤያችንን የምንቀበለው ከፖስታ ሳጥን ነበር፤ ፖ.ሳ.ቁ. የሚለው ምህጻረ ቃል ዛሬም በየማኅተሙ ላይ አለ። ሄዶ መቀበል ልማዳችን ነው። ዋጋ የሚቆልለው ከውጭ የቀዳነው ደጅ ድረስ የማምጣት ነገር ነው፤ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይታወቅበት ከተማ ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አምስት ነገር ነው። ከነዚህ ውስጥ ተጀምሮ ያለ ካለ በየመስኮቱ ላይ በትልቁ ይለጠፍልን፤ ያልታወቀ አገልግሎት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

አንደኛ፣ ለትንሽ ጥቅል በአገር ውስጥ አንድ ወጥ ዋጋ ይኑር። መለኪያውን መፍጠር አያስፈልግም፤ የዓለም ፖስታ ኅብረት ትንሽ ጥቅል የሚለው እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲደመር ከ90 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የትኛውም ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትርን የማያልፍ ነው። ሙዳይ ይገባል፤ የስኒ ማስቀመጫ፣ የተቋጠረ ድልህ፣ ነጠላና መጽሐፍ ይገባሉ። መሶብ አይገባም፤ መሶብ የራሱን ዋጋ ይክፈል። ዋጋው አንድ ከሆነ እኔም ፎቶው ሥር በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ፤ ገዢውም ከመጠየቁ በፊት ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ጥቅሎቹን ራሱ ለይቶ፣ ዘርዝሮ፣ በአንድ ማዳበሪያ አሽጎ ለሚያመጣ ላኪ ዋጋ ይቀነስለት። የእናንተን ሥራ ሠርቶ ነው የመጣው። ሃያ ጊዜ መመዘንና ሃያ ጊዜ መጻፍ ቀርቶ አንድ ጊዜ መቁጠር ነው የቀራችሁ።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ተቀባዩ በመረጠው ፖስታ ቤት ይቆይ። ሲደርስ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ ተቀባዩ በሳምንት ውስጥ መታወቂያውን ይዞ ይውሰድ። ደጄ ድረስ ይምጣልኝ የሚል ተጨማሪውን ይክፈል። ሁለቱ ዋጋዎች ተለያይተው ይጻፉ፤ ሄዶ መቀበል የሚችለው ለማይችለው አይክፈል።

አራተኛ፣ በሻጭና በገዢ መካከል ገንዘቡን ያዙልን። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። ገዢው ሲያዝ ይክፈል፣ ገንዘቡ እናንተ ዘንድ ይቆይ፣ ዕቃው ተፈርሞ ሲወሰድ ለሻጩ ይለቀቅ። እንዲህ ከሆነ «አልፈልግም» ብሎ ዕቃ የሚመልስ ይቀንሳል። የተመለሰ ዕቃ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜም ያልተሸጠ ዕቃ ነው።

አምስተኛ፣ የመላኪያ ቀን ይታወቅ። በየቀኑ ይሁን ብዬ አልጠይቅም። ከቢቸና ዓርብ፣ ከሞጣ ሐሙስ ተብሎ ቢለጠፍ ይበቃል፤ ያ ቀን ግን አይታጠፍ። ሲራራ ነጋዴን የሰበሰበው የተቆረጠ ቀን ነው።

«በትንሽ ዕቃ ምን ትርፍ አለ?» እንደምትሉ ይገባኛል። በነጠላው ሲታይ የለም። ነገር ግን እኔ ድጎማ አልለመንኩም። የጠየቅሁት ለማንኛውም በሚሄደው ፖስታ ላይ ለማንኛውም ባዶ በሚሆነው ቦታ ማዳበሪያችንን እንድትጭኑ፣ ሠርተን ያመጣነውን ሥራ ደግማችሁ እንዳትሠሩና እንዳታስከፍሉን ነው። ዛሬ ያ ዕቃ እናንተ ዘንድ አይመጣም። ወይ በረዳት እጅ ይሄዳል፣ ወይ ጨርሶ አይሸጥም።

በረዳት እጅ ስለሚሄደው አንድ ነገር ላውጋችሁ። አንድ ጊዜ አራት ሙዳይ በካርቶን አድርጌ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ መኪና ረዳት አደራ ሰጠሁ። የታርጋ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ለገዢዋ ላክሁላት። መኪናው አምሽቶ ገባ፤ የረዳቱ ስልክ ተዘጋ፤ ካርቶኑም ቀድሞ ለጠየቀ ሰው ተሰጠ። ገዢዋ መናኸሪያ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆማ ባዶ እጇን ተመለሰች። ረዳቱን ሌባ አልለውም። ሥራው ሰው ማሳፈር ነው፤ የእኔን ካርቶን የያዘው በደግነትና በመቶ ብር ነው። ነገር ግን የ1,200 ብር ዕቃ ጠፋ። ከአንድ ሙዳይ የሚተርፈኝ 40 ብር ቢሆን፣ ያን ለመተካት ሌላ 30 ሙዳይ መሸጥ አለብኝ። የጠፋ ዕቃ ዋጋ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ገዢ ማድረሻ ላይ ተደምሮ ይመጣል።

ስለዚህ ለመኪና ባለቤቶችና ለማኅበሮቻቸው የምለው አጭር ነው። ዕቃ መጫን ከጀመራችሁ ቆይቷል፤ ደረሰኝ መስጠት ጀምሩ። ሁለት ቅጠል ያለው ጥራዝ፣ በመናኸሪያው አንዲት የምትቆለፍ ሳጥን፣ ከመቀበያ ቁጥሩ ውጪ ዕቃ ላለመስጠት አንድ ሕግ ይበቃል። ለደረሰኙ አሥር ብር ብትጨምሩ ደስ ብሎን እንከፍላለን፤ ከሚጠፋው ያነሰ ነውና።

ያለንበት ጊዜም እንደማይጠፋችሁ አውቃለሁ። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያየው ችግር ገበያውንም መንገዱንም ነክቶታል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ፎቶ መለጠፍ ቀርቶ ትእዛዝ ማየት አልተቻለም። መንገድ ተዘግቶ መኪና ያልወጣበት ሳምንት ነበር። አንዳንዱ «በዚህ ጊዜ ስለ ማድረሻ ዋጋ ይወራል?» ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ጊዜ ነው ማውራት እላለሁ። መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ተሰብስቦ በአንድ ቤት በደረሰኝ የተቀመጠ ማዳበሪያ ቀኑን ይጠብቃል። በየረዳቱ እጅ የተበተነች ነጠላ ሙዳይ ግን ማን ጋ እንደቀረች አይታወቅም።

አሁን ለእኛ ለሻጮች። ሁሉን በፖስታና በመኪና ላይ አናላክክ፤ የራሳችንም ጥፋት አለ።

አንዷን የስኒ ማስቀመጫ ለብቻዋ መሸጥ እንተው። ስድስቷን በአንድ አስረን እንሽጥ፤ ቡና የሚጠጣ ቤት አንድ ስኒ ብቻ የለውም። ለስድስቱ የሚከፈለው ማድረሻ ለአንዷ ከሚከፈለው እምብዛም አይለይም። ሙዳይ የገዛ ሰው ከጎኑ የሚጨምረው ትንሽ ነገር እናሳየው፤ ጥቅሉ ለማንኛውም ይሄዳልና።

«ነፃ ዴሊቨሪ» የሚለውን እንተው። ነፃ የሆነ ነገር የለም፤ በሙዳይዋ ዋጋ ውስጥ ደብቀነዋል። በተደበቀ ቁጥር ራሳችንም ሄዶ ሊቀበል የሚችለውንና የማይችለውን መለየት ያቅተናል። ዕቃዋ ይህን ያህል፣ ሄደው ቢቀበሉ ይህን ያህል፣ ደጅ ድረስ ይህን ያህል ብለን ሦስት መስመር እንጻፍ።

የራሳችንን ጊዜ እንቁጠረው። ለአንድ ጥቅል ካርቶን ፍለጋ፣ መቁረጥ፣ ማሸግና መናኸሪያ መመላለስ አንድ ሰዓት ከፈጀ፣ ያ ሰዓት ከስፌቱ የተሰረቀ ነው። ሁለት ዓይነት የካርቶን ልክ ብቻ ይኑረን፤ ቀኑን ቆርጠን በአንድ መቀመጫ እናሽግ። ሙዳይ ስናሰፋም ትንሿ ትልቋ ውስጥ እንድትገባ አድርገን እናሰፋ። ባዶ ሙዳይ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ኪራይ ይከፍላል።

ይህ ነገር ወደ ውጭ አገር ለሚልክ የባሰ ነው። የአየር ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የዕቃውን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 በማካፈል የሚያገኙትን ኪሎ ከሚዛኑ ጋር አወዳድረው በትልቁ ያስከፍላሉ። በሁሉም ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ውስጥ አንድ ኪሎ የማይሞላ ስፌት ቢኖር እንኳ የ5.4 ኪሎ ዋጋ ይከፈልበታል። ባዶውን በሌላ ስፌት መሙላት ግን ክፍያውን አይጨምርም። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበትን ፈቃድ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አቁማለች። ስለዚህ ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ሙዳያችንን ዛሬም የሚያገኙት በመንገደኛ ሻንጣ ጥግ ነው። በዚያ በኩል ተስፋ ከማድረጌ በፊት አዲስ አበባ ላለው ገዢ በ75 ብር ማድረስ እፈልጋለሁ።

ለገዢዎችም አንድ ቃል አለኝ። ዕቃ ስታዙ «አሁን ይድረስልኝ» አትበሉ። ስፌቷ ሁለት ሳምንት ተሰፍታለች፤ ሦስት ቀን ብትጠብቁ ምንም አትሆንም። ትክክለኛ ስልክ ስጡ፣ ሲደወልላችሁ አንሱ፣ ከሥራ መልስ ከፖስታ ቤቱ ወይም ከሱቁ ውሰዱ። አምስት ጎረቤታሞች ተነጋግራችሁ በአንድ ስም ብታዙ፣ በአምስት ማድረሻ ፈንታ አንድ ትከፍላላችሁ። ዕቁብ የሚጥል፣ ዕድር የሚያዋጣ ሕዝብ ማድረሻ መጋራት አያቅተውም።

ወደ ኢትዮጵያ ፖስታ ልመለስና፣ መሥሪያ ቤታችሁን የምጠይቀውን በአንድ አረፍተ ነገር ልቋጨው። ለሦስት ወር፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቢቸናና ከሞጣ ፖስታ ቤቶች ወደ አዲስ አበባ አንድ አንድ የታሸገ ማዳበሪያ በአንድ ወጥ ዋጋ ተቀበሉን። በሦስቱ ወር አራት ነገር እንቁጠር፤ ስንት ጥቅል ሄደ፣ በስንት ቀን ደረሰ፣ ስንቱ ጠፋ፣ ስንቱ ተመለሰ። ቁጥሩ ካላማረ ተዉት፤ ደግሜ አልጽፍም። ካማረ ግን ለደብረ ወርቅም ለአዴትም ይድረስ።

ማዳበሪያውን እኛ እንሰፋለን፤ ዝርዝሩን እኛ እንጽፋለን፤ ዓርብ ጠዋት መስኮታችሁ ሲከፈት በር ላይ ታገኙናላችሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከቢቸና አንድ ስፌት ሻጭ

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች
ለመኪና ባለቤቶች ማኅበራት
«ማድረሻስ ስንት ነው?» ብለው ዝም ላሉ ደንበኞቼ ሁሉ